ማንም አልጎተተኝም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሱቅ ከፈትኩ። ጭኖቼ የኔ አይደሉም፤ ከሰው የተዋስኳቸው ይመስላሉ። አንሶላ ለማውረድ መሰላሉ ላይ ወጥቼ መውረድ አቃተኝ። ተራራ ወጥታ የመጣች ሴት ከመደርደሪያ መሰላል ላይ ሆና "ኧረ ያዙኝ" ስትል! አፍንጫዬ እንደተቀቀለ ድንች እየተላጠ ነው። አንዷ ደንበኛ አላስችል ብሏት "ምን ነክቶሽ ነው፣ ዘይት ተረጨብሽ?" አለች። "ፀሐይ ነው" አልኩ። ያንን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ መጋረጃ ገዝታ ሄደች። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቀለም ነበር። ጥሩ ቀን።

ጥሩ ቀን ነበር፣ እስከ አሥር ሰዓት። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ሻዩን ይዞ መጣና ፍራሽ ላይ ዘፍ አለ። (የሚሸጥ ፍራሽ ላይ ሻይ ይዘው አይቀመጡም... ስንቴ ልንገረው?)

"እንኳን በደህና መጣሽ። ወንድምሽ ግን ጀግና ነው።"

"ምን አድርጎ?"

"ተይ እንጂ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን! አቅቶሽ ቁጭ ስትይ በገመድ ጎትቶ ጫፍ አደረሰሽ አይደል እንዴ?"

ምራቄ ትን አለኝ። በገመድ? የምን ገመድ? እዚያ ተራራ ላይ ያየሁት ገመድ ልብስ ማስጫው ብቻ ነው።

"ማን ነገረህ?"

"ራሱ ነዋ። ትናንት ፀጉር ቤት። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ ነው የሰማው፤ እኔ ግማሽ ጭንቅላቴን ተቆርጬ ቁጭ ብዬ።"

ፈገግ አልኩ። ዋጋ ሲሰብሩብኝም እንደዚያው ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የሆነውን ለራሴ ልጻፈው። ሰው ደጋግሞ ሲያወራው እኔም ገመዱን እንዳላምን።

ነርሷ ጓደኛዬና እኔ ዓመት ሙሉ ተዘጋጀን። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ደረጃ ላይ፣ ቦርሳችን ውስጥ አሸዋ ሞልተን፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ስንወጣና ስንወርድ። ጥበቃው "ሊፍቱ እኮ ይሠራል" እያለ ሲስቅብን ከረመ። ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን እዚያው ደረጃ ላይ ቁርጭምጭሚቷን ሰበረች። እሷ ስትቀር ሻምበል "እኔ አለሁ" አለ። ታናሽ ወንድሜ። ወታደር ቤት በር ደርሶ አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ ሰው ማዘዝ ስለሚወድ ነው። ሥራው በጭነት መኪና ዕቃ ማመላለስ ነው። ዝግጅቱ ከመኪናው ፍራሽ ማራገፍ።

መንገድ መሪው አንድ ነበር፣ ለሁለታችን። እስከ ላይኛው መጠለያ አብረን ወጣን። እዚያ ሻምበል ታመመ። ራሱን አመመው፣ አስመለሰው። ጎህ ሳይቀድ እኔና መሪው ወጣን፤ እሱ መጠለያው ቀረ። ጫፍ የደረስኩት እኔ ነኝ። በራሴ እግር። መጨረሻ ላይ በእጄም ጭምር፣ እንደሚድህ ሕፃን። እዚያ ላይ ዓይኔ አለቀሰ... ነፋሱ ነው ደስታው? አላውቅም። ስንመለስ ሻምበል መጠለያው በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። "ደረስሽ?" "ደረስኩ።" በቃ። ገመድ የለም።

ከሰዓት ዕቃ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ያራግፍ ብዬ ጠበቅኩት።

"ገመዱን የት አደረስከው?"

"የምን ገመድ?"

"እኔን የጎተትክበት።"

ሳቀ። ጆሮው ግን ቀላ። "እታለም ሙች፣ የፀጉር ቤት ወሬ ነው። ሰው ሲሰማው ይጥመዋል።"

"ይጥመዋል? ወጥ ነው እንዴ?"

"ታዲያ ምን ልበላቸው? ተኝቼ ነበር ልበል?"

"አዎ።"

"አብረን ሄድን፣ አብረን መጣን። መሃሉን ማን አየው?"

"እኔ።"

ሞተሩን አስነሥቶ ውልቅ አለ።

ወሬ ብቻ ቢሆን ስቄ በተውኩት። ግን አባባ ጉልበታቸው አላስቆም ብሏቸዋል። አስፋልቱ ላይ ያለውን ትልቁን ሱቅ ለኔ ወይም ለሻምበል ሊሰጡ ነው። እኔ የጓሮዋን፣ ይቺን ጠባቧን፣ በማንም የማይታየው መተላለፊያ ውስጥ ይዤ ሰው ያስለመድኩ ነኝ። ትልቁ ይገባኛል። ሻምበል ደግሞ ለሰፈሩ "ጎትቼ አወጣኋት" ይላል... የትኛው ጆሮ እንዲሰማለት ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አንሶላ ተሸጠ። አልተናደድኩም።

ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አክስቴ መጣች። ትራሶቹን አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው፣ አገላበጠች፣ አሸተተች። አልገዛችም። ገዝታም አታውቅ።

"እሑድ አባትሽ ቤት ምሳ አለ። የምስጋና ምሳ። ሰው ጠርተናል።"

"ማን ነው የሚመሰገነው?"

"እኛ ነና! አንቺ ተነሥተሽ ቤተሰብሽን፣ ወዳጆችሽን ታመሰግኛለሽ። መጀመሪያ አባትሽን። ቀጥሎ እናትሽን። ቀጥሎ እኔን።"

"አንቺን ምን ብዬ?"

"ስላበረታታሁሽ!"

"አክስቴ፣ 'ይቺን ሴትዮ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፣ ነክቷታል' ብለሽ አልነበር?"

"ከፍቅር ነዋ! የማይወድሽ ሰው እንደዚያ ይልሻል? ከዚያ ወንድምሽን። እሱን ረዘም አድርጊው። ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በረዶ ውስጥ ነበርሽ፣ የኔ ልጅ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእውነት እንባ! ገመዱን በዓይኗ ያየችው መሰለኝ።

ከመሄዴ በፊት አንድም ደጋፊ አልነበረኝም። ስመለስ ሁሉም ገፍቶኛል። ይህን ያህል እጅ ከኋላዬ ከነበረ ለምን እንደዚያ ከበደኝ?

ማመስገን ጠልቼ አይደለም። ያላደረጉትን እንድገዛቸው መጠየቃቸው ነው። ያውም ቆሜ፣ ሰው ፊት፣ ፈገግ እያልኩ። እማዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኝ ልሄድ ስል የሱፍ ካልሲ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቀች። እሱን አውቀዋለሁ፣ እግሬም ያውቀዋል። የቀረው...? የቀረውን ማን አየው?

ዓርብ፣ የካቲት 7

አባባ አስጠሩኝ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ጉልበታቸው በፋሻ ተጠምጥሞ።

"ትልቁን ሱቅ ለወንድምሽ ልሰጠው ነው። እሑድ እናገራለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው።"

"ለምን ለሱ?"

"ሥራውን ከሱ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አልክድም። ግን ጭንቅ ሲመጣ ቁጭ የምትይ ከሆነ... ትልቁ ሱቅ ጭንቅ የማያጣው ቦታ ነው። ሰው ሲደክም የሚጎትት ይፈልጋል።"

"ማን ነው ቁጭ ያለው?"

"ነግሮኛል። አይዞሽ፣ በሰው ፊት አላነሣውም።"

"አባባ፣ ውሸቱን ነው።"

"ወንድሜ ውሸታም ነው እያልሽኝ ነው?"

"አዎ።"

ፋሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "ቅናት ጥሩ አይደለም፣ ልጄ" አሉ።

ቅናት!

ስወጣ የግቢውን በር በጣም ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። በር የሚወረውር ሰው ንዴቱን እዚያው በሩ ላይ ትቶት ይሄዳል። የኔ ተከትሎኝ ቤት ገባ።

ተረጋግቼ አሰብኩ። ቅናት ካሉኝ የኔ ቃል አይበቃም። ምስክር ያስፈልጋል። የመንገድ መሪው ስልክ አለኝ። እሑድ፣ ሁሉም ምሳ እየበላ፣ እደውልለታለሁ። ስፒከር ላይ። ራሱ ይንገራቸው። ያኔ ሻምበልን እንይ... የት እንደሚገባ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ነርሷ ቤት ሄድኩ። እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ሶፋው ላይ እንደ እመቤት ተዘርግታለች። ዕቅዴን ነገርኳት። "አንቺ ሴትዮ፣ ክፉ ነሽ! እኔም እመጣለሁ" አለች። እዚያው ሆኜ ለመሪው ደወልኩ፣ ነገ ሰዓቱን እንዲጠብቅ። ስፒከር ላይ አደረግኩት፣ እሷም እንድትሰማ።

"የሆነውን እናገራለሁ፣ ምን ገዶኝ" አለ። ቀጥሎ፣ "ወንድምሽ ግን ዳነ?"

"ከምኑ?"

"ኧረ እናንተ ሰዎች! ያን ቀን እኮ ሁላችንም ልንወርድ ነበር። አንድ ሰው ከታመመ ሁሉም ይወርዳል፣ መሪ አንድ ከሆነ ሌላ መንገድ የለም። እሱ ነው 'ድኛለሁ፣ ስንፍና ነው የያዘኝ' ያለኝ። ሾርባ ቀድቼ ሰጠሁት፣ ግጥም አድርጎ ጠጣ። ሲቀልድም ነበር። ባይጠጣ ኖሮ አልወስድሽም ነበር። መጠለያ ጠባቂው በኋላ ነው የነገረኝ፤ እኛ ገና ከመውጣታችን ሾርባውን በሙሉ አስመልሶታል።"

የሾርባው ነገር ትዝ አለኝ። እኔ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። "ተመስገን ተሻለው" ብዬ ቀና እንኳ ሳልል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነርሷ እንደ ሐኪም አየችኝ። "ስትመለሺ ምን እያደረገ ነበር?"

"በር ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል።"

"ለምን አልተኛም? የታመመ ሰው አይደል?"

"እኔ እንጃ..."

"ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆምበት ሰው ነው ቁጭ የሚለው። ከፍታ ላይ ሳንባ ውኃ ይይዛል። ይገድላል፣ አንቺ። ፀሐይ ሲሞቅ አይደለም ያገኘሽው።"

እኔ ግን "ደረስኩ" ብዬው ፎቶ አሳየሁት።

ደደብ። ደደብ! ቢሞትብኝስ? ያንን ጫፍ ምን አደርገው ነበር? ማን ጠየቀው? እኔ ጠይቄዋለሁ? ሳያማክረኝ ነፍሱን አስይዞ ለኔ መንገድ ገዛልኝ። ከዚያ መጥቶ ምን አወራ? ገመድ! የማይረባ፣ የሌለ ገመድ!

ምን ዓይነት ሰው ነው እውነተኛውን ደብቆ የውሸቱን የሚያወራ?

እሑድ፣ የካቲት 9

ለመሪው አልደወልኩም። አላስፈለገም።

ምሳው ሳይቀርብ ሻምበልን በጓሮ በኩል፣ የውኃ በርሜሉ ጋ ያዝኩት። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሱቅ የሚረከብ ሰው ሸሚዝ።

"ሾርባውን ለምን ጠጣህ?"

መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ተወው።

"መሪው 'እንወርዳለን' ሲል ፊትሽን አየሁት" አለ። "ዓመት ሙሉ አሸዋ የተሸከመች ሴት ፊት። ምን ላድርግ?"

"ትወርዳለህ! ይዘኸኝ ትወርዳለህ!"

"ከዚያ ዕድሜ ልኬን ያንን ፊት ሳይ ልኑር?"

"ከሄድኩ በኋላስ?"

"ምን ከሄድኩ በኋላስ አለው? ስተኛ አየር አጣሁ። ተነሣሁ፣ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። እማዬን ጠራሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ሕፃን። ያ ጠባቂ ጃኬቱን አልብሶኝ 'አይዞህ እናትህ ትመጣለች' አለኝ፣ እናቴ ምኑን ትመጣለች? በቃሽ? ይህን ነው ፀጉር ቤት የማወራው?"

"ለአባባስ? ሱቁንም በዚያ ገመድ ልትወስደው ነው?"

መሬት መሬት አየ። "አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ... እንዴት ልመልሰው? አባባ ሲኮሩብኝ አይተሻቸው ታውቂያለሽ?"

"አንተ ነጋዴ አይደለህም" አልኩት። "ጥሩውን ዕቃ መጋዘን ቆልፈህ ደጅ ላይ ቡትቶ ሰቅለህ ትሸጣለህ።"

"ልትናገሪ ነው?"

"ልናገር ነው።"

"እታለም፣ በእናትሽ..."

"ጠርተሃት የለ? እሷም ትስማ።"

ጨካኝ ነበርኩ። ይሁን።

ምሳ ተበላ። አክስቴ ሹካዋን ብርጭቆ ላይ አንኳኳችና ሁሉም ወደኔ ዞረ። ተነሣሁ። ንግግር አልችልበትም። ጨርቅ ለክቶ መቁረጥ እችላለሁ። እንደዚያው አደረግኩ፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ቆርጬ ሰጠሁ።

"እማዬ፣ የሱፍ ካልሲውን አመሰግናለሁ። እግሬ አልቀዘቀዘም። ያኮረፍሽኝን ሳምንት ግን አላመሰግንም።" ሰው ሳቀ።

"አክስቴ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት ስላልሽ አመሰግናለሁ። መጨረሻ ላይ ወድቄ ልቀር ስል አንቺ 'አላልኳችሁም?' ስትይ ታየሽኝ፤ ተነሥቼ ሄድኩ።" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴም ሳቀች፣ ሙገሳ መስሏት።

"ጓደኛዬ፣ ስለ ደረጃው። ጉልበቴን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ እግርሽን ከፍለሽ።"

"አባባ፣ አትሄጂም ብለውኝ ነበር። ግን እኔ በሌለሁበት ያንን የጓሮ ሱቅ እያነከሱ ሄደው ከፍተውልኛል። አልጠየቅኩዎትም። ጎረቤቴ ነው የነገረኝ። አመሰግናለሁ።" አባባ ሳህናቸውን አዩ።

ከዚያ ሻምበል። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ወንድሜ አልጎተተኝም። ገመድ አልነበረም። ማንም አልጎተተኝም። እሱ ጫፍ አልደረሰም።"

አንድ ሰው ወንበሩን አንቀሳቀሰ። አባባ ቀና አሉ። ድምፄ ዝቅ እያለ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ስናደድ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

"ታሞ ነበር። እሱ ከታመመ እኔም እወርድ ነበር። እንዳልወርድ ብሎ ድኛለሁ አለ። የማይወርድለትን ሾርባ ጠጥቶ አሳየ። እኔን ልኮ፣ መተኛት የማይችል ሰው፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እኔ ጫፉ ላይ ሆኜ ፎቶ ስነሣ እሱ ሊሞትብኝ ነበር። ሻምበል፣ ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። ሁለተኛ ብታደርገው ግን የምገድልህ እኔ ነኝ።"

ተቀመጥኩ። ማንም አላጨበጨበም። እማዬ ተነሥታ ሄደችና ትከሻውን በቡጢ መታችው። ደገመችው። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ በዚያ አዲስ ሸሚዙ ላይ እያለቀሰች።

አባባ ከተቀመጡበት ጠየቁት። "ሾርባውን ጠጣህ?"

"ጠጣሁ፣ አባባ።"

"ገመዱስ?"

"የለም።"

ሻምበል ኬኩ ሳይቆረስ ወጣ። በሩን ወረወረው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህን እያነሣሁ አባባ ጠሩኝ። ለረጅም ጊዜ ጉልበታቸውን አሹ።

"ነገ ጠዋት ጉልበቴን ሊያመኝ ነው" አሉ። "ትልቁን አንቺ ክፈቺው።"

"ነገ ብቻ?"

"ጉልበት በአንድ ቀን ይድናል እንዴ?"

ተሳስቼ ነበር አላሉም። ቅናት ስላሉኝም ምንም። ጠብቄ ነበር? አዎ፣ ጠብቄ ነበር። እኔም ስለ ሱቁ አመሰግናለሁ አላልኳቸውም። ስለሠራሁበት ነው የተሰጠኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ትልቁን ከፈትኩ። መስታወቱ እንዴት ቆሽሿል! ለሻምበል ደወልኩ። አያነሣም።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ነርሷ በክራንች እያነከሰች ሻምበልን እየነዳች ሆስፒታል ወሰደችው። ሳንባው ንጹሕ ነው አለችኝ። ሻምበል ዕቃዬን አሁን የሚልከው በሌላ ሾፌር ነው። በእማዬ በኩል "ደህና ነኝ በያት" ብሎ ላከ። በእማዬ በኩል! አፍ የለውም?

እውነቱን ስለተናገርኩ ያኮርፋል። በሰው ፊት ስላመሰገንኩት ያኮርፋል። ፀጉር ቤቱንም ቀይሯል አሉ። ልክ አልነበርኩም? ለብቻው ብነግረው ይሻል ነበር?... ለብቻው ብነግረው ሱቁ የሱ ነበር። ልክ ነበርኩ። ያም ሆኖ ምሳ ብቻዬን ስበላ አይጥመኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ዛሬ ራሱ መጣ። ሰላም ሳይለኝ ፍራሽ ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ማስገባት ጀመረ። እኔም ሰላም አላልኩትም።

ባልና ሚስት ወፍራሙን ብርድ ልብስ እያሻሹ ነበር። ሚስት ወዳዋለች፣ ባል "ይህን ያህል ውፍረት ምን ያደርጋል፣ በግ ልናረባ ነው?" ይላል። አፌን ልከፍት ስል ከፍራሹ ሥር ድምፅ መጣ።

"ጋሼ፣ እኔን ይጠይቁኝ። ተራራ ወጥቼ ነበር።"

አሁን ገመዱን ሊያመጣው ነው፣ አልኩ።

"ጫፍ አልደረስኩም" አለ ፍራሹን እያወረደ። "ጫፍ የደረሰችው እሷ ናት፣ ያቺ የተኮሳተረችው። እኔ ከታች መጠለያው በር ላይ ሆኜ ስጠብቃት የነበርኩ ነኝ። ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሚሄድ ሰው አይደለም፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው። እናቴን ነው የተጣራሁት፣ በዚህ ዕድሜዬ። ይህ ብርድ ልብስ ኖሮኝ ቢሆን እናቴን አላስቸግርም ነበር።"

ሚስትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ባልየው ሻምበልን ከእግር እስከ ራሱ አየውና "እና ስትመለስ አገኘችህ?" አለው።

"አገኘችኝ። ፎቶ አሳየችኝ።"

ሁለት ገዙ። ሻምበል ራሱ አጣጥፎ፣ ራሱ አስሮ፣ ራሱ ዋጋ ቀነሰላቸው። እኔን ዞር ብሎ ሳያይ!

በሩን እስኪወጡ ታገሥኩ።

"ማንን አስፈቅደህ ነው የቀነስከው?"

"እታለም፣ ሁለት እኮ ነው የገዙት።" ከዚያ ምሳ ወዲህ ለኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል።

"ሳትቀንስም ይገዙ ነበር! ወሬህ ሽጦታል፣ ምን አስቀነሰህ?"

"ተቆጪ፣ ተቆጪ" አለና ፍራሹ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ። "ደህና አድርገሽ ተቆጪ። ናፍቆኝ ነበር።"

ተቆጣሁት። እስኪጠግብ።